የዳኛ አያሌው ኩባያ

ዳኛ አያሌው ማረፋቸውን የሰማሁት መቱ ሆስፒታል ውስጥ፣ ለጉልበቴ መድኃኒት ወረፋ ይዤ በተቀመጥኩበት ነው። የነገረኝ ደምሴ ነው፤ ድሮ የፍርድ ቤታችን ዘበኛ የነበረው። እሱም ለዓይኑ መጥቶ ኖሯል። አጠገቤ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ልጆቹ ካወራ በኋላ፣ «ያ ዳኛችን አረፉ አሉ» አለኝ። ዕድሜ ሲገፋ መርዶም እንደ ማንኛውም ወሬ ተራውን ጠብቆ ይመጣል። ወሬውን ያመጣለት የእህቱ ልጅ ነው፤ ዳኛው ይኖሩበት በነበረው የሰሜን ከተማ ሾፌር ሆኖ ይሠራል፤ ለእረፍት መጥቶ ነው።

ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ከሰው ጋር ይበሉ ነበር?» አልኩት።

ደምሴ አልተገረመም። ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በመቱ ከእሱና ከእኔ በቀር የቀረ አይመስለኝም። «እሱንስ አልጠየቅኩትም» አለ። «ልጁ ደጅ ይጠብቀኛል። ስንወጣ እንጠይቀዋለን።»

ወረፋው ረጅም ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ዳኛ አያሌው ጎጃሜ ነበሩ። ወደ መቱ የመጡት ደርግ በሰሜን ሲዋጋ፣ እዚህ ደግሞ ጎረምሳው ከገበያ እየታፈሰ በከባድ መኪና በሚጫንበት ዘመን ነው። ያን ጊዜ መቱ የተማረ ሰው ሲያጠፋ የሚላክባት አገር ትመስል ነበር፤ ጭቃዋና ዝናቧ ስም አውጥተውላታል። እሳቸው ግን ተቀጥተው ሳይሆን ለምነው ተዛውረው ነው የመጡት። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሻይ ቤት የነበራቸው እትዬ ፋጡማ ይህን ሲሰሙ፣ «ሰው ወደ ኢሉባቡር ለምኖ ይመጣል? አንድ ነገር ቢኖር ነው» አሉ። እትዬ ፋጡማ ሰው ሲያሙ ብዙ ጊዜ አይስቱም።

እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ሕዝቡ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ችሎቱ በአማርኛ ይጽፋል፤ በመሃል የምቆመው እኔ ነኝ። ዳኛው በመጡ ሰሞን ቀፎ የተሰረቀባቸውን አንድ ሽማግሌ ቃል ሳስተረጉም፣ እንደ ልማዴ፣ «ቀፎዬን ወሰደብኝ ይላሉ፣ ጌታዬ» አልኩ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ይላሉ አትበል፣ ቶሎሳ። እዚህ ቤት ውስጥ አንተ የለህም። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ቀፎዬን ወሰደብኝ፣ በል። በቃ።»

ከዚያ ወዲህ የስንቱን ሌባ፣ የስንቷን ፍቺ ጠያቂ ቃል «እኔ» እያልኩ አሳለፍኩ። ቤቴ ስገባ ሚስቴ፣ «ዛሬስ ማንን ሆነህ ዋልክ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ሌላም ፈሊጥ ነበራቸው። ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ፍርድ አያነቡም። «ሰውየው ያልሰማው ፍርድ አልተፈረደም» ይሉና ወረቀቱን አጥፈው ይጠብቃሉ። ዐቃቤ ሕጉም፣ ተከሳሹም፣ ፖሊሱም፣ እኔም አፋችንን ዘግተን ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። የመቱን ክረምት የሚያውቅ ሰው ስንት ጉዳይ እንዲህ ሆኖ እንዳደረ ይገምተው። የበላይ አካል በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ ወቅሷቸዋል። ግንባራቸውን በመዳፋቸው እያሻሹ ይሰሙና እንደገና ዝናብ ሲመጣ ወረቀቱን ያጥፋሉ። ሁልጊዜ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። እንቅልፍ የሚያሽረው ዓይነት ድካም አልነበረም።

ዘማች ሲሸኝ የመንግሥት ሠራተኛ በሙሉ ሜዳ ወጥቶ እንዲያጨበጭብ ይታዘዝ ነበር። አንድ ቀን ካድሬው በድምፅ ማጉያ፣ «ቁጣችሁን በጠላት ላይ አውርዱ!» እያለ ሲጮህ፣ እናቶች ከመኪናው ጎማ ሥር ያለቅሳሉ። ዳኛው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «ጦር ሜዳ ላይ ቁጣም ማዕረግ አለው፣ ቶሎሳ» አሉኝ። «የአለቃ ቁጣ ትእዛዝ ይባላል። የወታደር እንባ ደግሞ ወንጀል።» እኔም ማጨብጨቤን ቀጠልኩ። የሰማኸውን አልሰማሁም ማለት የሚያዋጣበት ጊዜ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው ከያዮ በመጣ አንድ የነፍስ ግድያ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው በጫካ ቡና ድንበር ተጣልቶ ጎረቤቱን ገድሎ፣ ዳኛው የሚገባውን እስራት ፈረዱበት። ከችሎት በኋላ የሟች ቤተሰብ እትዬ ፋጡማ ሻይ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። የገዳዩ ሚስትና ወንድሞች ሊገቡ መጥተው እነሱን ሲያዩ ከበሩ ተመለሱ፤ ዝናቡ እየወረደባቸው ሄዱ። ዳኛው ይህን በመስኮት አዩ።

«ፈርጄ የለም እንዴ? ከዚህ ወዲያ ምን ቀራቸው?» አሉኝ።

«ጉማ ነዋ፣ ጌታዬ» አልኩ። «የእርስዎ ፍርድ በመንግሥትና በገዳዩ መካከል ነው። የሟች ቤትና የገዳይ ቤት ግን በሽማግሌ ፊት የደሙ ካሣ ተከፍሎ፣ በሬ ታርዶ አብረው እስኪበሉ ድረስ በአንድ ዕቃ አይጠጡም፤ በአንድ ማዕድ አይቀርቡም።»

«ቢቀርቡስ?»

«በደም ላይ መብላት ነው። ትልቅ ነውር ነው።»

ዓይናቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ፣ «ገዳዩ ማን እንደሆነ ማንም የማያውቅ ከሆነስ?» አሉ።

እኔ እቃዬን እየሰበሰብኩ ስለነበር በቀላሉ፣ «እሱ ራሱ ያውቅ የለ?» አልኳቸው።

በማግስቱ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ ገዝተው መጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ የሚጠጡት በእሷ ብቻ ሆነ። ሰው ቤት ቢጠሩ ደጃፍ ላይ ቆመው ይመርቃሉ እንጂ እህል አይቀምሱም። ሠርግም ቢሆን፣ ክርስትናም ቢሆን። እትዬ ፋጡማ አዘኑ። «ብርጭቆዬ ምን ሆነ? በአመድ ነው የማጥበው!» ይሉ ነበር። ከተማው የመሰለውን አወራ። ሳንባቸውን ታመዋል ያለ አለ፤ መርዝ ፈርተው ነው ያለ አለ፤ ካድሬው ደግሞ ሕዝብ የናቀ አድኃሪ አላቸው።

በዚህ ላይ የማሩ ነገር ተጨመረ። ከመቱ ወጣ ብላ ባለችው ሁሩሙ ገበያ በዋለ ቁጥር በተገኘው መኪና ወርደው ከአንዲት ሴት ብቻ ማር ይገዙ ነበር። ሲቀምሱት ያየ ሰው የለም። ቤታቸውን የምታጸዳው ሴት ማሩ በየጣሳው እንደተከደነ ተደርድሯል ብላ አወራች። ይሄኔ ከተማው ዳኛው ተደብቀው ጠጅ ይጥላሉ ብሎ ደመደመ። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አሉ እትዬ ፋጡማ። «ጠብቁ፣ አንድ ቀን ይናገራሉ።»

መናገሩስ አልቀረም። ጠጅ ግን አልነበረበትም።

እኔ የሁሩሙ ልጅ ስለሆንኩ ማር ሻጯን አውቃቸዋለሁ፤ አዮ ጫልቱ ይባላሉ። አዮ በእኛ አገር እናት ማለት ነው። ባላቸው ቀደም ብሎ ሞቷል፤ አንድ ልጃቸው ገመቹ ደግሞ ከገበያ ታፍሶ ዘመተ። ቀበሌው በሰልፍ ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ «ልጅሽ ብዙ ጠላት ደምስሶ በጀግንነት ወደቀ» ብሎ አረዳቸው። ከዚያ ወዲህ አዮ ጫልቱ ከሰው ማዕድ ራቁ። በድርቁ ምክንያት ከሰሜን አምጥተው ያሰፈሯቸው ሰዎች ገበያ ሲመጡ ማሩን አብዝተው ይሰፍሩላቸዋል፤ አጠገባቸው ግን አይቀመጡም። ሐዘን አዙሮባቸው ነው አልን፤ ሌላ ምን እንበል?

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ችሎት ከተነሳ በኋላ ዳኛው አስቀሩኝና በሩን ዘጉ።

«አዮ ጫልቱን ታውቃቸዋለህ አሉኝ» አሉ። «ልጃቸውን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው ቀጠሉ።

«ግንባር ላይ በተቋቋመ ፍርድ ቤት ሕግ አዋቂ ተብዬ ተቀምጬ ነበር። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው አልቆብናል። አዛዡ ወንድሙን ቀብሮ መምጣቱ ነው። እጃቸው የታሰረ ምርኮኞች ነበሩ፤ ተኩሱባቸው አለ። ገመቹ፣ የታሰረ ሰው ላይ አልተኩስም ብሎ ጠመንጃውን መሬት አስቀመጠ። ትእዛዝ እምቢ አለ ብለው እኔ ፊት አመጡት። እጁን የሰጠ ሰው አይገደልም የሚለውን ሕግ አውቀዋለሁ፣ ቶሎሳ። ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ። ጦር ሜዳ ላይ ትእዛዝ እምቢ ያለ ይገደላል የሚለውንም አውቃለሁ። ሁለቱም ሕግ ናቸው። አዛዡ ዓይኑ ቀልቶ አጠገቤ ተቀምጧል። ፈራሁ። ፍርሃቴን በአንቀጽ ሸፍኜ አነበብኩት።»

ግንባራቸውን አሻሹ።

«ሳነበው ከባድ መሣሪያ ይተኮስ ነበር። ልጁ ከንፈሬን ብቻ ነው ያየው። መስማቱን እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ያኔ ነው የዝናቡ ነገር የገባኝ። ገመቹ ከመገደሉ በፊት ማን አለህ ሲባል፣ ሁሩሙ ማር የምትሸጥ እናት አለችኝ ብሎ ነበር። እሳቸውም ያንን ይዘው መጥተው ስንት ዘመን ማር ሲገዙ ኖሩ። የኩባያዋንም ምክንያት ነገሩኝ። «እዚህ አገር ማን የገመቹ ዘመድ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? በደም ላይ እንዳልበላ ብዬ ነው» አሉ። አሁን የሚፈልጉት ሽማግሌ ዘንድ እንዳቀርባቸውና እንዳስተረጉምላቸው ነው።

እኔ ፈራሁ፤ ለራሴም፣ ለአዮ ጫልቱም። «ጋሼ፣ መንግሥት ጀግና ያለውን ሰው እኛው ገደልነው ሊሉ? ይህ ነገር ከወጣ ሁላችንንም ይበሉናል» አልኩ። «ደግሞ ያቺን እናት ያቆማት ልጄ ጀግና ነበር ማለቷ ነው። እሱንም ሊወስዱባት ነው?»

«እሱ ነው እስከ ዛሬ ያስቀመጠኝ» አሉ። «ግን ባለፈው ገበያ በጣታቸው ማር አንስተው፣ ቅመስ ልጄ አሉኝ። እጄን ስሰበስብ ፊታቸው ጠቆረ። ከእንግዲህ አልችልም።»

ሁሩሙ፣ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ነገዎ ቤት ነው የተቀመጥነው። ለቀበሌው የድንበር ዕርቅ ነው ብለን ነበር። ደምሴ ዳኛው የገዙትን በሬ እየጎተተ አብሮን መጣ። ውጭ ይዘንባል፤ ቤቱ ግን የሣር ክዳን ስለሆነ ድምፅ የለውም፤ ሁሉም ነገር ይሰማል። አዮ ጫልቱ ከምሰሶው አጠገብ ነጠላቸውን አጥብቀው ተቀመጡ። ያ ማር ገዢያቸው ምን ሊል እንደመጣ አያውቁም።

ጉዳዩን አስቀድሜ ሹክ ያልኳቸው ኦቦ ነገዎ በመጀመሪያ እምቢ አሉ። «ጉማ ሰው ብቻውን አይከፍለውም። ጎሳ ነው የሚከፍለው። የዚህ ሰው ጎሳ የታለ? መንግሥት ከሆነ ጎሳው፣ መንግሥት ይምጣ» አሉ። ለዳኛው ተረጎምኩላቸው። ይሄኔ ደምሴ ከበሩ ተነስቶ መጣና አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«እኔ አለሁ» አለ። «ደጃቸውን የምጠብቅ እኔ ነኝ። ዘመድ ማለት ይሄ አይደለም ወይ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ነገዎ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ይናገር» አሉ።

ዳኛው ወደ አዮ ጫልቱ ዞሩ። «ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ተራው የእኔ ነው። «ይላሉ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ መጣች። በእሷ ብደበቅ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ፤ ቃሏን ዋጥኳት። በእናቴ ቋንቋ፣ በልጅነቴ ማር ያላሱኝን ሴት እያየሁ፣ ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ አልኩ።

አዮ ጫልቱ ያዩት ዳኛውን አይደለም። እኔን ነው። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም።

የቀረውንም ሁሉ ተናገርኩ፤ አዛዡን፣ የታሰሩትን ሰዎች፣ መሬት የተቀመጠውን ጠመንጃ፣ ፍርዱን። ስጨርስ እሪታ ጠበቅን። እሪታ አልመጣም። አዮ ጫልቱ ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ልጄ አልተኮሰም?»

«አልተኮሰም» አሉ ዳኛው በእኔ አፍ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ግንባር ገና መድረሱ ነበር። ጠመንጃውን ሲረከቡት አንድ ጥይት አልጎደለውም።»

«ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ነጠላቸውን ፈትተው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ቀና ሲሉ የተናገሩት ግን ማናችንም ያላሰብነው ነበር። «ብዙ ሰው ገደለ ብለው ሲነግሩኝ እልል በይ አሉኝ። የእነዚያ ሁሉ እናቶች ደም ቤቴ ገባ ብዬ ነው ከሰው ማዕድ የራቅሁት። ያ ከሰሜን የመጣው ሕዝብ ማር ሊገዛኝ ሲቆም፣ የማናቸው ወንድም ይሆን ልጄ የገደለው እያልኩ አጠገባቸው መቀመጥ ፈራሁ። ጉማውን ለማን ልክፈል? የት ሄጄ?»

ጀግንነቱን ልንወስድባቸው ነው ብለን የፈራን ሰዎች አንገታችንን ደፋን። ለካ ያ ጀግንነት ነው ሲያንገበግባቸው የኖረው። በአንድ ገበያ ላይ ሁለት ሰው፣ አንዱ ማር እየሸጠ አንዱ እየገዛ፣ በአንድ ምክንያት እህል ሲሸሽ ኖሯል።

«ይታረድ» አሉ አዮ ጫልቱ። ደምሴ ሊነሳ ሲል ግን በእጃቸው አስቆሙት።

«እነዚያ የታሰሩትስ?»

ዳኛው ይህን ጥያቄ ሳይጠብቁት አልቀሩም። «በማግስቱ ሌላ ሰው ተኮሰባቸው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ። ዝም አልኩ።»

ይህንንም «ዝም አልኩ» ብዬ በአፌ አሳለፍኩት።

በሬው ታረደ። አዮ ጫልቱ በእጃቸው አጎረሷቸው፤ ዳኛው እያለቀሱ ዋጡ። ቀጥለው ማር አጎረሷቸው። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦ «በእኔና በአንተ መካከል ያለው አለቀ። ከእነዚያ እናቶች ጋር ያለውን ግን እኔ ላስታርቅህ አልችልም። እነሱን ፈልግ።»

አዮ ጫልቱ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት መግባት ጀመሩ፤ ከሰሜን ከመጡት ሰዎችም ጋር ገበያ ላይ እንጀራ ሲቋደሱ አይቻለሁ። እኔን ሲያገኙኝ፣ «ገዳዬ፣ ደህና ነህ?» እያሉ ይቀልዱብኝና ማር በነጻ ይሰጡኝ ነበር። እሳቸውም አረፉ።

ዳኛው ግን በማግስቱ ሻይ ቤት ኩባያቸውን ይዘው መጡ። «ጋሼ፣ አልቆ የለም እንዴ?» አልኳቸው። «የአንዷ አለቀ» አሉኝ። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በመቱ በኩል እየተበተነ ወደ ሱዳን ሲነጉድ፣ እሳቸው በተቃራኒው ወደ ሰሜን ሄዱ። እትዬ ፋጡማ ኩባያዋን በአመድ አጥበው ሰጧቸው። እኔን ሲሰናበቱኝ፣ «ማን ያስተረጉምልኝ ይሆን?» አሉ። አብሬ ልሂድ አላልኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

ወረፋዬ ደረሰ፤ መድኃኒቴን ተቀብዬ ከደምሴ ጋር ተደጋግፈን ወጣን። የእህቱ ልጅ ባጃጅ ተከራይቶ ይጠብቃል። ደምሴ ጠየቀው።

«ዳኛው? ኧረ ብቻቸውን ነበር የሚበሉት» አለ ልጁ። «ብትጠራቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ይመርቃሉ፤ አይገቡም። ሻይ እንኳን በራሳቸው የቆርቆሮ ኩባያ ነው። በየገጠሩ እየዞሩ አሮጊቶች ያነጋግሩ ነበር። ሰው ትንሽ ነካ አድርጓቸዋል ይላል።»

«አላገኟቸውማ» አለ ደምሴ።

«እነማንን?» አለ ልጁ ወደ እኔ ዞሮ።

«ሲገደሉ ዝም ብዬ ያየኋቸውን ሰዎች እናቶች» አልኩት።

ልጁ ደንግጦ አየኝ። «ይሉ ነበር» ብዬ አልጨመርኩበትም።